ሁለት መርፌ

በሃያ ስነዳ ሰማንያ ይለኛል፤
ሰማንያ ስደፍር ዜሮ ላይ ይተኛል።
ጎኑ ያለው ደግሞ፣ የሞተር ዙር ቆጣሪ፣
ቆሜም ይዘልላል እንደ ሰርግ ጨፋሪ።

ያማሃዬ አርጅታለች። ከእርሻ ቢሮ ጨረታ
የገዛኋት በርካሽ፣ ኮርቻዋ ተበልታ፤
ስድስት ዓመት ሙሉ ከሰቃ እስከ ዴዶ
ክትባት አመላልሳ፣ በጭቃ በበረዶ፣
ዋሽታኝ አታውቅም ነበር። አምና ነው የጀመራት።
ዓመቱን ሙሉ ታገሥኳት።

"ስንት ነበር የሄድሽው?" አለኝ ትራፊኩ አስቁሞ።
"የቱን ልንገርህ?" አልኩት። ሳቀብኝ እዚያው ቆሞ።

ሂርማታን አለፍ ብሎ፣ ከአዌቱ ድልድይ ዳር፣
የነዚፍ ጋራዥ አለ፣ ቆርቆሮው የሚዘምር
ዝናብ ሲመታው።

ነዚፍ አይጠይቅም። የፊት ጎማዬን
በመዳፉ አሾረ፤ ጆሮውን ሰጠ፣ እኔ ዓይኔን።
"ኮንታኪሎው ጤነኛ ነው፤ በሱ ላይ አትፍረጂ።
ሁሉም ሰው ይመታዋል። መትተሻል፣ አትካጂ።"
(መትቻለሁ። በጡጫ። ሁለቴ።)
"ከጎማው እስከ ዓይንሽ ሁለት ክንድ መንገድ አለ፤
እዚያ መሃል ነው ወሬው የተንጠለጠለ።"

ኮርዳውን በፒንሳ ሳበው። ከጥቁር ጎማ ልብሱ
እንደ እባብ ወጣ፣ ደርቆ፣ ዝጎ እስከ ራሱ፤
አራት ማዕዘን ጫፉ የተበላ እንደ ጥርስ።
በጣቶቹ መሃል አዞረው ቀስ በቀስ፦

"አየሽ? ይይዛል፤ ይጠመዘዛል፤ ይታገሣል፤
ሲበዛበት ይለቃል። ያኔ መርፌው ይነሣል።
ጠግቦ አይደለም የሚዘለው። ተጠምቶ ነው፣ ተጠምቶ።
ግራሶ ካየ እንጃ ስንት ክረምት ገብቶ ወጥቶ።"

እኔ የማውቀው መርፌ ሌላ ነው። የበሬ ቆዳ ቆንጥጬ
የምሰደው ከአንገቱ ሥር፣ ትንፋሼን ውጬ።
እጅ ከተንቀጠቀጠ በሬው ያውቃል፣ ባለቤቱም።
ስለዚህ ሰው ሲሠራ አፌን አልከፍትም።

በቤንዚን አጠበው። ጨርቁ ጥቁር አለቀሰ።
ግራሶውን በስሱ፣ በሁለት ጣት፣ አዳረሰ።
"ከላይ ስንዝር ደረቅ ተዪ፤ ቅባት ከበዛ ይወጣል፣
ኮንታኪሎው ሆድ ይገባል፣ መርፌውን ይውጣል።"

ጎማው ዞረ። መርፌው እንደ ታዛዥ ልጅ ተነሣ።
ጎማው ቆመ። ተኛ።

ሁለተኛው ግን ይዘልላል።
ታጥቧል። ተቀብቷል። ይዘልላል።
ነዚፍ ቆቡን አወለቀ፤ ራሱን አከከ፤
የቀዘቀዘ ሻይ ጠጣ። "አላህ ያውቃል" አለ።
ከዚያ ታንከሩን አነሣ።

ከሥሩ፣ ኮርዳው በሲባጎ ታንቋል፤
የጆንያ ሲባጎ፣ በሦስት ቋጠሮ።
የክትባት ሳጥኔ እንዳይነካው ብዬ
አምና፣ በሰርቦ ገበያ ቀን፣ በጥድፊያ፣
ያሰርኩት እኔው ነኝ።
የጥጃ ቋጠሮ ነው። መካኒክ አይቋጥረውም።

ነዚፍ ቋጠሮውን አየ፤ እኔን አየ፤
ቢላዋ አቀበለኝ።
"ኮርዳ ኩርባ ይወዳል" አለ፣ "ማዕዘን ይጠላል።"
በሰፊው አዙሮ ለቀቀው።
"ስንት?" አልኩት።
"መቶ ሃምሳ። ለሲባጎው አላስከፍልም።"

የዴዶን ዳገት ስወጣ ሁለቱም ጸጥ ብለዋል፤
አንዱ አራት ሺህ ይላል፣ አንዱ አርባ ላይ ቆሟል።
አርባ!
ዓመቱን ሙሉ የበረርኩ መስሎኝ።
ከኋላዬ ሳጥኑ ውስጥ በረዶው ይንኳኳል፤
ገና አልቀለጠም። በአርባም ይደርሳል።