ሁለት ጠብታ

በብሩክስ፣ በአልበርታ ሜዳ፣ ኅዳር ሲጋመስ፣
የከብት ማረጃው የቀን ፈረቃ ወደ በረዶው ሲፈስ፣
ታድሎ ወንድሜ ቢላዋውን ሰቅሎ
ከልብስ ሣጥኑ ሥር ተገኘ፣ ጉልበቱን አቅፎ፣ በርዶት፣ ግሎ።

«ጉንፋን ነው» አለኝ፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል፤
«ጉንፋን ነው፣ ዝንጅብል ብጠጣ ይለቀኛል።»
ሌሊቱን ላቡ ፍራሹን አልፎ ጣውላውን አራሰ፤
ጠዋት ተሻለው፣ ሳቀ። ከሰዓት ያው ተመለሰ።

በጥቅምት መጨረሻ መተማ ወርደን ነበር፣ ለአባታችን ተዝካር፤
ሰሊጡ ታጭዶ፣ በየማሳው ክምር።
ዝናቡ ቆሟል፣ ውሃውም ቆሟል፤
የሁለቱን መቆም ልዩነት ቢምቢ ያውቃል።

ከመሄዳችን በፊት፣ ካልጋሪ ያለችው ነርሴ ማሪሴል፣
ዘጠኝ ዓመት ደሜን የቀዳች፣ ቁጥሬን በቃሏ የምትል፣
«ለወባውም ይህችን» ብላ ጨመረችልኝ አንድ ፍሬ፤
ከእራት በኋላ፣ በሦስት ሰዓት፣ ከዱሮው እንክብሌ ጋር አዳብዬ
ዋጥኳት፤ አንድም ቀን ሳላጎድል።
መዋጥ ለምጃለሁ እኔ።

ለታድሎም ነገርኩት፣ «አንተም ሐኪም ጠይቅ» ብዬ።
«ተወልጄ ባደግኩበት? ንዳድ እኮ አብሮ አደጌ ነው፤
አብሮ አደግ ይነክሳል እንዴ?» አለና በሳቅ ዘጋው።
ደጅ ተኛ፣ ከዘመድ ጋር፣ ያለ አጎበር።
አሥራ ሁለት ክረምት በረዶ የጠገበ ደሙ
አብሮ አደጉን ረስቶት ነበር።
አብሮ አደጉ ግን አልረሳውም።

ሆስፒታል። ወረፋ። ሐኪሙ ወጣት፣ ዓይኑ በእንቅልፍ የደከመ፤
«ኢንፍሉዌንዛ ነው፤ ዘንድሮ ከፍቷል፤ ቤቱን የሞላው የታመመ።
ፈሳሽ ይጠጣ፣ ይረፍ» አለ።
እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ያስተርጓሚ ሥራው
የሰው ቃል ማሻገር ነው፤ የራሱን ማን ጠራው?
ግን አፌ አመለጠኝ፦
«ወባ ነው። ደሙን መስታወት ላይ አድርጋችሁ እዩት።»
«እንዴት አወቅሽ?»

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይላል ያገሬ ሰው።
እኔ ግን ሸሽጌም ነበረኝ፤
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በቪታሚን ጠርሙስ ውስጥ አኖርኩት።

«አብረን ሄድን። እኔ ኤች አይ ቪ አለብኝ፤
ስለዚህ ሐኪም አለኝ፤ ስለዚህ የወባ ኪኒን ወሰድኩ።
እሱ ጤነኛ ነው። ስለዚህ ማንም አልነገረው፣
ከእኔ በቀር። እኔንም አልሰማ።»

በእንግሊዝኛ ነው ያልኩት።
የታድሎ እንግሊዝኛ የማረጃ ቤት ነው፦ ቁረጥ፣ ፍጠን፣ ተጠንቀቅ።
እነዚያን ሦስት ፊደላት ግን
በየትኛውም ቋንቋ ያውቃቸዋል።
ዓይኑን ገለጠ። ጨደነ።

የሁለታችንንም ጣት ወጉ።
ሁለት ጠብታ፣ ሁለት መስታወት፣ አንድ ቀይ፤
አንድ እናት ናት የወለደችው፣ ማን ይለየው በዓይን ቢያይ?

ሐኪሙ ወረቀቱን ይዞ ሲመለስ
መጀመሪያ እኔን ነው ያየኝ፣ ባዘነ ፊት።
ኋላ ስሙን ደግሞ አነበበ።
የእኔ ንጹሕ። የእሱ፣
ከመቶ ቀይ ሕዋስ ሰባቱ ቀለበት አድርገዋል፤
ማንም ያልተጠራበት ሠርግ።

አምቡላንሱ በረዶውን እየሰነጠቀ ወደ ካልጋሪ።
መድኃኒቱ እዚያ ነው። እዚህ ማን ያስቀምጠዋል፣
ወባ በማይታወስበት ሜዳ?
እጁን ልይዝ ዘርግቼ
ወደ ኪሴ መለስኩት።
ዘጠኝ ዓመት ከአንድ ትሪ የበላን፣
አሁን ጣት ያስፈራኛል።

ባሳኖን አለፍን። የጭምብሉ ጉም ሳሳ።
«አንጓች።»
«አቤት።»
«ስንት ሰዓት ነው?»
«ሦስት ተኩል።»

ዝም አለ። መንገዱ ረዘመ።
«ታዲያ ቪታሚንሽን
አልዋጥሽም እኮ።»