ሊፍት ያለው ቤት

አራዳ ያለው ቤታችን ለመንገድ ይፈርሳል፤
በሩ ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ ተጽፎበታል።
ደላላው ጌታሰው ሁለት ስልክ አንግቦ፣
ማራኪ ወሰደኝ፤ ካንድ ሕንጻ ሥር ቀርቦ
«አምስተኛ ነው» አለ ሽቅብ እያሳየኝ፤
ጉልበቴ ቀድሞኝ ነው «ይቅርብኝ» ያሰኘኝ።
«ቆይ እንጂ እህቴ፣ ሳታዪ አትሂጂ፤
ሊፍት አለው» አለ፣ «ጣት ማሳረፍ እንጂ
መውጣት የሚሉት ነገር እዚህ ቤት አይታወቅ፤
ሽማግሌም ቆሞ ይደርሳል፣ ሳይደክም፣ ሳይጨነቅ።»

በሩ ተከፈተ፤ መስታወት አለበት፣
ላስቲኩ ያልተላጠ፣ አዲስ የሚሸትበት።
አምስት ላይ ሲደርስ ወረድ፣ ቀና ብሎ
ቆመ፣ ቤቱን ያገኘ ሰካራም ሰው መስሎ።

ወይዘሮ የሺሐረግ ውሉን አቀረቡ፤
መነጽር አጥልቀው አንድ ባንድ አነበቡ፦
የስድስት ወር ቅድሚያ፣ በእጅ የሚሰጥ፤
ሚስማር እንዳይመታ፣ ቀለሙ እንዳይላጥ፤
በግ እንዳይታረድ ሰገነቱ ላይ፤
ውሃ በሳምንት አንዴ፣ የቀረው ከሰማይ፤
ከሁሉ በታች ደግሞ፣ በደቂቃ ፊደል፣
«የሊፍት አገልግሎት፣ ሦስት መቶ ብር» ይላል።
«ቢሠራም ባይሠራም?» ብዬ ብጠይቃቸው፣
«ልጄ፣ እሱ አለ እኮ» አሉኝ፣ መነጽሩን አውልቀው።

ፈረምኩ።

አባቴ አስማረ አሰብ ነበር ሥራው፤
ክሬን ላይ ተሰቅሎ መርከብ ሲያራግፍ ነው፣
በጨውና በፀሐይ ጠጉሩ የቀላው።
ባንድ ሻንጣ፣ ባንድ ኩባያ የተመለሰ ዕለት
ጎንደር፣ ባሕር የሌላት ገበያ፣ ብርድ ሆነችበት።
ስለዚያ አያወራም፤ ክረምት ሲገባ ግን፣
«የክሬኑ መሰላል» ይላል፣ ያሻል ጉልበቱን።

የገባን ቀን ታዲያ፣ ሊፍቱ ውስጥ ቆሞ፣
መዳፉን ብረቱ ላይ እንደ ሐኪም ገጥሞ፣
«ገመዱ ደርቋል» አለ፣ «ዘይት ይፈልጋል።»
ሳይጨርስ ጨለመ። ጎንደር ነው፣ ይጠፋል።

በሦስትና ባራት መካከል ቀረን፦
እኔና አባቴ፣
የአራተኛዋ እናንዬ፣ ሽንኩርት ተሸክማ፣
ባለጀሪካን ልጅ፣ ትንፋሹ የሚሰማ።
አባቴ በጨለማው ድምፁን ሞረደና፣
«አይዟችሁ» አለን፣ «ይኸ ከፍታ ነው እንዴ ገና!
እኔ ነፋስ ሲነሳ፣ እመቤቴ ብዬ፣
ስድስት ሰዓት ውያለሁ
ስኳር ከነጆንያው ባሕር ላይ አንጠልጥዬ።»
ሠላሳ ዓመት ዝም ያለው ሰው፣ በሃያ ደቂቃ፣
ልጁ ጀሪካኑ ላይ ተቀምጦ «ከዚያስ?» ሲለው፣ በቃ፣
ወደቡን ሁሉ አራገፈው።
መብራቱ መጣ። እናንዬ ተቆጣች፦
«ኧረ ይጨርሱልኝ!» አለች።

ከዚያ ወዲህ ሊፍቱ የሠራው አራት ቀን፤
ዘበኛው መልኬ መጥረጊያና ጀሪካን
ያስቀምጥበታል። አባቴ ግን ይወጣል፤
በየፎቁ መቀመጫ አውጥተውለታል፦
ሁለተኛ ላይ ዱካ፣ ሦስተኛ ላይ ወንበር፣
አራተኛ ላይ እናንዬ፣ ያ ያልጨረሰው ነገር።

ሐምሌ ላይ አንድ ጧት መስኮቱን ሲከፍት፣
ወደ አዘዞ በኩል የለም ዛፍ፣ የለም ቤት፤
ጉም ነው። ያንዲት ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ብቻ
እንደ ምሰሶ ብቅ ብሏል።
ሻዩን ፉት አለና፣ «ዛሬ ማዕበል የለም» አለ።
ለኪራይ የመጡት ወይዘሮ የሺሐረግ
ከኋላው ቆመው ነበር፤ አዩት፣ ሰሙት።
በማግስቱ አምስት መቶ ብር ጨመሩ።
ምክንያት፦ እይታ።

እኔ ደሜ ፈልቶ፣ ወረቀቱን ይዤ፣
«የሊፍቱንስ? ለሞተ ነገር ለምን እንከፍላለን?» ስል፣
አባቴ ቀና ሳይል «ክፈያቸው» አለኝ፤
«መርከብ ባይመጣም፣ ክሬን ግራሶ አይቀርበትም።»

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ጣሳውን በፌስታል ይዞ፣
ከመልኬ ጋር ይወርዳል፤ ገመድ ያሻል፣ ተክዞ።
ሲጨርስ፣ መብራት ባይኖርም፣ አምስትን ይጫናል፤
ትንሽ ይጠብቃል፤
ከዚያ ከዘራውን አንስቶ ደረጃውን ይጀምራል።