ቁጥር የሌላት ፋኖስ

ሽምብጥ፣ ከሐይቁ ጥግ፣ አባቴ አንድ ክፍል አለው፤
ቁልፉን ባንገቱ ያሰረው፣
ማንም ሳያይ የሚጠርገው።
እናቴ «የዝገት ቤት» ትለው ነበር፤
«ለዶሮ ቢሆን ይሻላል» እንዳለች ገባች መቃብር።

እኔ ዘንድሮ ገባሁ። ዓይኑ ስለደከመ
«ነይና አንብቢልኝ» አለ፤ ወገቡን ይዞ ቆመ።
በብጣሽ ካርቶን፣ በቀይ እስክሪብቶ፣
ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ሰጥቶ፣
እንደ ክርስትና ልጅ ስም አውጥቶ።

ቁጥር አንድ፣ ሳይረን፤ በእጅ የሚዞር፣
ከጨርቃ ጨርቁ ማማ ላይ ሌሊቱን ሲጮህ የነበር።
(አንዴ ቆራሌው በኪሎ ሊገዛው ሚዛኑን አንጠልጥሎ መጣ፤
አባቴ እጀታውን ቢያዞረው ሰፈሩ ከነውሻው ወጣ፤
ይብራው ከደንገሉ ተነሣ፤ ቆራሌው ጆንያውን ጥሎ ሮጠ፤
ጆንያውም፣ ቁጥር አርባ ሁለት ተብሎ፣ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።)

ቁጥር ሰባት፣ አምፖል፤ ሰማያዊ የተቀባ።
ቁጥር ዘጠኝ፣ የመስኮት ጥቁር ጨርቅ፣ ብል የበላው፤
ከትራፊው አክስቴ ጉርድ ቀሚስ ያሰፋችው።
ባልዲ፣ ለአሸዋ፤ ቂጧን ዝገት የበላት።
ፊሽካ፤ ፍሬዋ ወድቃ ዝምታ የወረሳት።
የቀበሌው ማዘዣ፣ በስቴንስል የተባዛ፣
ማዕዘኑ በእጅ ላብ የወዛ፦
«አውሮፕላን ሲሰማ መብራት ይጥፋ፤ ክብሪት አይጫር፤ ውሻ ይታሰር፤
ልጅ ቢያለቅስ አፉ ይያዝ፤ ሁሉም በጉድጓዱ ይደር።»

ከዚያ የተረኛ መዝገቡን ገለጥኩ፤ አነበብኩለት፦
«ሰኞ፣ ሰላም ነው። ማክሰኞ፣ ሰላም ነው። ረቡዕ፣ ሰላም ነው፤ ካፊያ ነበረበት።»
ስምንት ወር፣ በአንድ ሰው የእጅ ጽሑፍ፣
ሰላም ነው፣ ሰላም ነው፤ ገጽ ከገጽ ሲተላለፍ።
አውሮፕላኑ አልመጣም፤ ያን ያህል ተጠብቆ።
ጉድጓዱን ክረምት ሞላው፤ እንቁራሪት ነገሠበት ዘልቆ።

አንድ ሐሙስ ብቻ ባዶ ነው፤
ቀኑ አለ፣ የተረኛው ፊርማ አለ፤ ቃሉ ነው የጎደለው።

ከታችኛው መደርደሪያ፣ ከጆንያው በስተጀርባ፣
ፋኖስ አለች፤ ብርጭቆዋ የተሰነጠቀ፣ ሆዷ አሸዋ የገባ።
ካርቶን የላት፣ ቁጥር የላት።
«ይቺስ አባባ? ምን ብዬ ልጻፍላት?»

ተቀመጠ። የሳይረኑን እጀታ ያዘ፤ አላዞረም።
«ኑርዬ» አለ። «የወይጦ ሰፈሩ ኑርዬ። አንቺ አታውቂውም።
አምባዛ ሊያወጣ ነው፤ ፋኖሱን ታንኳው ላይ አስቀምጦ።
ከማማው ላይ አየሁት፤ ከደብረ ማርያም ወዲህ፣ ውሃው መሐል፣ አንድ እሳት ብቻ አፍጥጦ።
ፊሽካ ነፋሁ፤ አልሰማም። ሳይረኑን አዞርኩ በሙሉ ጉልበቴ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ያ ጩኸት ነበር ሹመቴ።

ሰማኝ።
እሺ ባይ ሰው ነበር፤ እፍ አላት።

ከዚያ ማዕበል ተነሣ፤ ሐይቁ ሌሊት እንደሚያደርገው።
የብሱ ወዴት እንደሆነ የሚነግረው
አንድ መስኮት አልነበረም። ከተማውን እኛው አጥፍተነው፤
በአምፖሉ፣ በጥቁሩ ጨርቅ፣ ጥሩ አድርገን ሸፍነነው።

ታንኳው በሦስተኛው ቀን፣ ደንገል መሐል ተገልብጦ።
ፋኖሷን ሐይቁ መለሳት፤ እሱን አስቀረ መርጦ።

ታዲያ ሐሙስን ምን ልበል? ሰላም ነው? ሰላም ነበር።
አውሮፕላን አልመጣ። ትእዛዝ ተፈጸመ። መብራትም አልነበር።»

ባዶው ካርቶን እጄ ላይ ቀረ።
እስክሪብቶውን መልሼ ከደንኩ፤ አልተናገረ።

ያን ማታ መብራት ሄደ፤ እንደ ልማዱ፤ ሰፈሩ ተራገመ፤
ከሽምብጥ እስከ ዓባይ ማዶ ድፍን ከተማው ጨለመ።
ከዝገቱ ቤት ላምባ ሲንጠባጠብ ሰማሁ፤ በጨለማው ሸተተኝ።
ቆይቶ፣ በቀስታ፣
«ልጄ፣ ክብሪት ይዘሻል?» አለኝ።