ማን ሞተ?

ድንኳኑን ከእድሩ ተውሰን ተከልን፣
ወንበሩንም እንዲሁ፤ መቶ ሃያ ቆጥረን ፈረምን።
ጋሽ ሀሜሶ፣ ንብረት ያዡ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
«ፊልም ነው አላችሁኝ? ከሰርግ ልጻፈው ከለቅሶ?» ብሎ
መዝገቡ ላይ ሦስተኛ ዓምድ ስላጣ
«ለቅሶ» በሚለው ሥር ጻፈን። ሳይቆጣ።

አቶቴ ላይ፣ ከባጃጅ ተራው ጀርባ፣
ድንኳን ያየ ሁሉ እየደነገጠ ገባ።
ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«ማን ሞተ?» ይላል፣ የጥግ ወንበር ፈልጎ።
«ማንም አልሞተም እማማ፤ የሰብአዊ መብት ፊልም ነው፣ ሦስት ቀን ይታያል።»
«ሦስት ቀን? ሰልስት ነዋ ታዲያ!» ቁጭ ይባላል።
«ከመጣንማ አይቀር» እያሉ
ቀሩ፤ ለቅሶ የደረሰ ሰው አይነሳም በቀላሉ።

በራሶ ፕሮጀክተሩን በለስላሳ ሳጥን ላይ አቁሞ
ገመድ በጥርሱ ይልጣል። እኔ ደግሞ
ሸራውን እወጥራለሁ። ሸራ ስል፣ የእናቴ አንሶላ ነው፣
ጠዋት ምቾት አጥባ፣ ተኩሳ፣ ያጠፈችው።
«ለፊልም ነው» ስላት
«ፊልሙ ላይ ምን አለ?» አለች። ቸኩዬ ነበር፤ «መብት» ብያት
ወጣሁ።

ከሐይቁ የተነሳ ነፋስ አንሶላውን ሲነፋው
የተናጋሪው ጉንጭ ያብጣል፤ ሲተወው
ይከሳል። ጠርዙን ይዤ ቆምኩ። አባ ኮዳዎቹ ከግራሩ አናት
አንገታቸውን ቀብረው ያያሉ፣ እንደ ችሎት ዳኛ፣ ያለ ምሕረት።

መጀመሪያ መረብ ጠጋኙ ልጅ ታየ፣ ትምህርት ቤት የናፈቀው፤
ቀጥሎ ዓይነ ስውሩ ተማሪ፣ ፈተና የሚያነብለት ያጣው።
ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ። አንዷ «ወይኔ ልጄን» አለች።
እናቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ «የኔ ልጅ ነው ያዘጋጀው» ትላለች፣
ላጠገቧ። ለሁለተኛ ጊዜ።

ከዚያ ወዳጄነሽ መጣች። አንሶላውን ሞላችው።
ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት።
«ደመወዝሽ እኛ ጋ ይቀመጥልሽ አሉኝ፤ ይኸው ተቀምጧል» ብላ ሳቀች።
«ስሜ ይከብዳል ብለው ሌላ አወጡልኝ» አለች።
«ሰው ሲጠይቃቸው፣ እንደ ልጃችን ናት ይላሉ።
ልጆቻቸው ግን ትምህርት ቤት ይውላሉ።»

እንደ ልጃችን ናት።
ይህን ቃል የት ሰማሁት ብዬ ቀና ስል፣ እናቴን አየኋት፤
እሷም እኔን። የወዳጄነሽ ብርሃን ፊቷ ላይ ይርገበገባል።
ማናችን ቀድመን ዓይናችንን እንደሰበርን እንጃ።
ነፋሱ መጣ። ወዳጄነሽ ጉንጯ አብጦ
ልትናገር ስትል መብራት ሄደ፤ ቃሏ አፏ ላይ ተቋርጦ።

አንሶላው ባዶውን ቀረ፣ በጨረቃ።
ምቾት ያጠበችው። ምቾት፣ አሁን እራታችንን ለሦስተኛ ጊዜ አሙቃ
ቤት የምትጠብቅ። ከበንሳ ስትመጣ አሥር ዓመቷ ነበር፤ እኔ አሥራ አንድ።
አብረን አደግን እላለሁ ሰው ሲጠይቀኝ። በአንድ
ግቢ ማለቴ ነው።
ስሟ ለአፋችን ስላልተመቸን ምቾት ያልናት እኛ ነን።

«ጄኔሬተሩ እስኪነሳ አምስት ደቂቃ!» በራሶ አለ።
ማንም አልተነሳም። አንድ ዘግይቶ የገባ ሽማግሌ፣ ጉሮሮውን እየሳለ፣
«እና ማን ሞተ?» ሲል ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ።
እናቴ አልሳቀችም፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወደቀ፣
ስታነሳው አዘቅዝቃ ለበሰችው።

አንሶላውን በብብቴ ይዤ፣ በእግራችን ስንመለስ፣
ስለ ነፋሱ ጀመርን፣ ስለ ባጃጅ ዋጋ፤ እሱንም ሳንጨርስ
በሩ ተከፈተ። አላንኳኳንም። ኮቴያችንን ታውቃለች።
አንሶላውን ከእጄ ወስዳ አምፖሉ ሥር ዘረጋችው፤ ከፊልሙ የተረፈ ነገር
የምትፈልግ መሰለች።

እናቴ ሳትቀመጥ፣ ሳትገባ፣ ከበሩ ሥር፣
«አንቺ ልጅ» አለች፤ «ስምሽ... ማን ነበር?»

ምቾት አንሶላውን በአራት አጠፈች፤ በስምንት፤
ጠርዙን ከጠርዙ ገጥማ።
ቀና ሳትል፣
«የቱ?» አለች።