ዘራፍ በሟች ስም

ከቢቸና ወዲህ፣ ዓባይ ሲያጓራ፣
ገደል አፋፍ ላይ ነው፣ አምባችን ወይራ።
በር የለው፣ ደጅ የለው፣ መውጫው አንድ ጠፍር፣
ስንስበው ቤት ነን፣ ስንለቀው አገር።

ደጃች አስማረ ነው፣ የከበበን ጌታ፣
ከመስቀል ማግስት፣ እስከ ከተራ ማታ።
እኛ ቋጥኝ ለቀን፣ እሱ እሳት ወርውሮ፣
ጎተራችን ነዶ፣ ጤፉ ቀረ አሮ።
ፈረሱን ድንገትን፣ አረድነው በኅዳር፣
ጌታዬ አልበላም፣ ዞሮ ተኛ በዳር።
አባ ድንገት ስሙ፣ እየተባለ፣
ፈረስ አልባ ቀረ፣ በእግሩ እየዋለ።

ታኅሣሥ በባተ ቀን፣ የጎኑ ቁስል ሸፍቶ፣
ፊታውራሪ አንለይ፣ አረፈ ተኝቶ።
አልቅሱ አልተባለም፤ ለቅሶ ገደል ወርዶ፣
የአምባውን ባዶነት፣ ይናገራል ሄዶ።
እመቤት የውብዳር፣ ነጠላዋን ነክሳ፣
ከጎተራው አመድ፣ ጉድጓድ አስምሳ፣
ቀበርነው በሌሊት፤ ቄስ ሞገስ ተጨንቀው
ፍትሐት አደረሱ፣ ድምፃቸውን አንቀው።

እኔ ጋሻ ጃግሬው፣ ይስማው ነው መጠሪያዬ፣
አሥራ ሁለት ዓመት፣ ከኋላው ኑሮዬ፣
ሲነጋ ለምዱን ለበስሁ፣ ከአፋፉ ቆምሁ፣
በሞተ ሰው አንደበት፣ ዘራፍ ብዬ ጮኽሁ፦

«ዘራፍ አባ ድንገት!
የጋለበ እንደሆነ፣ ዱካ የማይተው፣
የቆመ እንደሆነ፣ ተራራ ነው ሰው።
ና ውጣ አስማረ! ጠፍሩ ያውልህ፣
እግርህ ቢወጣ እንኳ፣ አይወርድም ራስህ!»

ከታች ዝም አሉ።

ሠላሳ ዘጠኝ ቀን፣ እንዲህ እያነጋሁ፣
ጉድጓዱ ቢደርቅ፣ የድንጋይ ጠል ላስሁ።
ዓባይ ከታች ያልፋል፣ ይሰማል ሲዘፍን፣
ለጆሮ ነው እንጂ፣ ለጉሮሮ አይሆን።

አርባኛዋ ዕለት፣ ከተራ ሆነችና፣
ታቦት ወንዝ ሲወርድ፣ በሌላው ጎዳና፣
ተዝካሩ ደረሰ፤ የለ ጠላ፣ ዳቦ፣
አንድ ጭብጦ ብቻ፣ ለአሥራ አንድ ቀርቦ።
ፎክሬ ሳበቃ፣ አንድ ድምፅ መጣልኝ፣
አስማረ ራሱ፣ በስሜ ጠራኝ፦

«ይብቃህ፣ አንተ ይስማው።
አንድ ጡት ጠብተናል፣ አንለይን አውቀዋለሁ፣
ምላሱ ተብታባ፣ ‹ዘላፍ› ነው የሚለው።
አንተ አጥርተህ ጮኽህ። በመጀመሪያው ቀን
ገባኝ፤ ማቅ ለበስሁ፣ ከድንኳኔ ብቻዬን።
ሰብሬ ልወጣ፣ እችል ነበር ያኔ፤
በየጧቱ ስሙን፣ ማን ይጥራልኝ ለእኔ?
ዛሬ ግን አርባው ነው። ጠፍሩን ልቀቅልኝ፣
ውሃ ልስደድላችሁ፣ ተዝካር አውጡልኝ።»

ለክብሩ ብዬ ነበር፣ ቃሉን ያቀናሁት!
ጌታዬን በፍቅር፣ አሳምሬ ከዳሁት።

ውሃ የሚያወጣ ጠፍር፣ ሰውም ያወጣል፣
ይህንን አምባ ላይ፣ ሕፃንም ያውቃል።
እመቤቴን አየሁ። አመዱ ላይ ሆና
ነጠላዋን ከጥርሷ፣ ቀስ ብላ አወጣችና
«ዘላፍ ይል ነበረ» አለች። ሳቀች።
ከዚያ አርባ ቀን ያመቀችውን አለቀሰች።

ለቀቅሁት።
ገደሉን እየላጠ፣ ሲወርድ ይሰማኛል፣
አርጅቼም፣ ተኝቼም፣ እጄን ይፈጀኛል።
መጀመሪያ የወጣው፣ ቅል ነው፣ እርጥብ አንገቱ።
ከቅሉ ኋላ የወጣውን፣
ለሌላ ቀን ተዉት።