ተልባ፣ ከፊልሽ ማነው?

ሐመድ ከንፈሩ ያበጠ ለት፣ በአክስቱ ልጅ ልደት፣
በግማሽ ማንኪያ ኬክ ወሰዱት ሐኪም ቤት።
ሲመለሱ ፍሪጁ ላይ ወረቀት ተለጠፈ፣
በቀይ እስክሪብቶ፣ በዐረብ ፊደል የተጻፈ፤
ማንበቡን ባልችልም ሥዕሉ አላቃተኝም፤
አንድ እንቁላል፣ በላዩ መስቀል፤ ሌላ ትርጉም አልሰጠኝም፤
«ጾም ገባ ማለት ነው» አልኩ በሆዴ፣ ለማንም አልነገርኩም።

«ያለ እንቁላል ኬክ ሥሪ» አለች እሙ ሐመድ፣
ያለ ምሰሶ ጎጆ እንደ ማቆም፣ ያለ ጭራሮ እሳት እንደ ማንደድ።
ሳልሚያ፣ ስድስተኛ ፎቅ፤ ባሕሩ የሚታየው
በተሰጣው ልብስ መሃል ነው፣ እሱም ነፋስ ሲለየው።

መጀመሪያ ሙዝ።
ልጣጩ የጠቆረ ሁለት፣ በሹካ ደፍጥጬ፣
ከዱቄት፣ ከስኳር፣ ከዘይቱ በጥብጬ።
ተነሣ፤ ቆንጆ ነበር፤ ግን ካካዎው ሙዝ፣ ቫኒላው ሙዝ፣
ሐመድ ራሱ ሦስት ቀን ሙሉ ሸተተ ሙዝ ሙዝ።

ማሪቴስ፣ የአምስተኛ ፎቋ፣ በሊፍት ስንወርድ፣
«ኮምጣጤና ሶዳ» አለችኝ፣ በጣቷ እየቆጠረች፣ አንድ፣ አንድ።
አረፋው እንደ ሐሜት ፈልቶ፣ እንደ ሐሜት ጠፋ፤
ኬኩ ትከሻው ቀረ፣ መሃሉ ተደፋ።

በእርጎም ሞከርኩ፤ ጥሩ ነበር፤ ምን አስዋሸኝ።
ግን ሁዳዴ ገብቷል፤ ጣቴን መላስ ማን ፈቀደልኝ፤
ሳይቀምሱ መጋገር፣
ደብዳቤ ጽፎ፣ ሳያነቡት አሽጎ መላክ ነው ለባዕድ አገር።

የሽምብራውን ውኃ፣ ያን ከጣሳ የምንደፋውን፣
መታሁት፣ መታሁት፣ ክንዴ እስኪዝል፤
በረዶ ሆነ።
በጋው ሃምሳ ዲግሪ በሚነካ አገር ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ በረዶ!
ሐመድ ወንበር ላይ ቆሞ አጨበጨበ።
ምድጃው ውስጥ ግን ቃሉን አጠፈ።

ሐሙስ ዕለት፣ ከአሽረፍ በቃላ ጎን ካለው አጣር ሱቅ፣
ማዳም ለራስ ምታቷ ቅጠል ስታማርጥ፣
በጆንያ አፍ ላይ አየሁሽ።
ቡናማ፣ አብለጭላጭ፣
እጄን ብሰድ በጣቶቼ መሃል ሾልከሽ የምታመልጪ።
«ብዝር ከታን» አለኝ ሰውዬው።
ምን ብዝር ከታን? ተልባ!
አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ልትሠሪ መጣሽ?
በማን ቪዛ ገባሽ? ስንት ዓመት ፈረምሽ?
ከፊልሽ ማነው? ፓስፖርትሽስ በማን መሳቢያ ተቆለፈ?
አንቺንም ስምሽን ቀየሩብሽ?
እኔን መርየም ይሉኛል፤
«ትርንጎ» ለምላሳቸው ከበዳቸው።

አንድ ማንኪያ ፈጨሁ፣ በሦስት ማንኪያ ውኃ፣
ዐሥር ደቂቃ ተውኩት።
ዝም ብሎ ቆየና ተሳሰረ፤
ማንኪያውን ሳነሣ፣ ልክ እንደ እንቁላል ነጭ፣ ተከትሎ ተጎተተ።
«ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» ይላሉ።
መንጫጫቷን ሰሙ እንጂ መያዟን ማን አየ?

ኬኩ ተነሣ። አላጋንንም፤ ከበድ ይላል፤
ነጠብጣብ አለው፣ እንደ ድርጭት እንቁላል።
«ጉንዳን ነው እንዴ?» አለች ማዳም፣ አጎንብሳ።
ሐመድ በላ።
ሃያ ደቂቃ ሙሉ፣ ሁለታችን ከንፈሩን ብቻ ጠበቅን፣
እሷ በቁርአኗ፣ እኔ በድንግል፣ እያንዳንዳችን በየፊናችን።
ከንፈሩ ከንፈር ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ፍርፋሪውን ሰብስቦ፣ በትንሿ እጁ፣ «አንቺም» አለኝ።
በጾም ይህ ጉርሻ ሲመጣ፣ እጁን ስሜ ነበር የምመልሰው።
ዛሬ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ።
አፌን ከፈትኩ።

ቅዳሜ እህቶቿ መጡ፣ አራት፣ ከነሽቷቸው።
«ማሻአላህ! ማን ጋገረው?» ቢሏት፣
«እኔ» አለቻቸው።
እኔ ሳህን እያነሣሁ ነበር።
ተልባም አልተናገረች፤
ውስጡ ናት፤ ይዛዋለች።