ይተንፍስ

ሰው በኅዳር ያጭዳል፣ እኔ ግን በሐምሌ፤
የዋልካ ጭቃ ነው አዝመራዬ፣ እህሌ።
ቢቸና ስትጠቁር፣ መንገዱ ሲላቁጥ፣
መኪናው ተጎትቶ እደጄ ሲቀመጥ፣
«አንሙት የት ሄደ?» ይባላል ያን ጊዜ፤
በጋውንማ ሱቄ የዝንብ ነው፣ የትካዜ።

አባቴ ቅኔ ቤት ሲልከኝ በልጅነት፣
ይጠመጥማል ብሎ ጠበቀኝ ከቤት።
አላሳፈርኩትም፤ ጠመጠምኩለት፦
መዳብ፣ በዲናሞ ሆድ፣ በሻማ፣ ሌሊት።

ባይነሳኝ መጣ፣ የእንስሳት ጤና ሾፌር፣
ነጭ ላንድክሩዘሩ ተለውሶ በአፈር፤
ሦስተኛ ጊዜው ነው በዚህ ክረምት ብቻ።
ከኋላ የበረዶ ሳጥን፣ የአባሰንጋ ዘመቻ፣
ሐኪሟ አትጠገብ ሰዓቷን እያየች፣
«በረዶው ከነገ አያልፍም» እያለች።

«ያቺ ቀይ መብራት ነች» አለኝ፣ «ገና ከሱሃ
ወጥቼ ሳልጨርስ፣ ሳይንጠፈጠፍ ውሃ፣
ዓይኗን አፈጠጠች። ከዚያ የፊት መብራቴ
እንደ ታመመ በሬ ዓይን ፈዘዘብኝ በፊቴ፤
መጥረጊያው መስታወቱን አጋምሶ ቆመ።
የዱባይ ዕቃ ነው፣ አንተው እንዳልከኝ፣ ሲወለድ የታመመ።»

መልስ አልሰጠሁትም። ኮፈኑን ከፈትኩት፣
ቡሎኑን አላልቼ ዲናሞውን አወጣሁት።
ከታች ነው ቦታው፣ ከጎማው አጠገብ፤
የሠራው ሰው ዋልካን መች አየው በሐሳብ?
ሆዱን ስገለብጠው ግማሽ ጣሳ ደለል፣
ካርቦኑ ተበልቶ የቀረው ጥፍር አክል፣
ኩሽኔታው ግራሶውን በአሸዋ ለውጦ
እንደ ወፍጮ ያጓራል ውስጡ ተፈጭቶ።
ጭቃው ሰሙ ነበር፣ መዳቡ ነው ወርቁ፤
ቅኔ መፍታት ተወ የሚሉኝ አያውቁ።

እዚህ ላይ ግን ልናዘዝ።
የሰኔው ዲናሞ የሞተው በእኔ እጅ ነው።
ጭቃ እንዳይደርስበት ብዬ
በማዳበሪያ ከረጢት ዙሪያውን ጠቅልዬ፣
በካላማዳሪዮ ቁራጭ ጥብቅ አድርጌ አስሬ
እንደ አራስ ልጅ ሸፍኜ ሰጠሁት።
ኮርቼበትም ነበር።
ጠብታ አልገባውም። እውነት ነው፣ አልገባውም።
በገዛ ትኩሳቱ ታፍኖ
የዕድ ውሃ ዳገት ላይ ነደደ።
ባይነሳኝ ስለ ሽታው ሲነግረኝ
«የዱባይ ዕቃ ነው» ያልኩት ያኔ ነው።

ዛሬ ሌላ ነው የሠራሁለት።
ከጫማ ሰፊው ከውባንተ ጋር ተጎልተን
ከአሮጌ ጎማ ሽርጥ ቆረጥን፤
ከፓራፋንጎው ጥግ ወደ ታች የሚወርድ፣
ጎማው የሚተፋውን በደረቱ የሚቀበል፣
ከጀርባው ግን ክፍት።
ይተንፍስ።

«ስማ ባይነሳኝ፣ ወንዙ ዳር ስትደርስ ቁም።
ውረድና ውሃውን እየው፣ ሽንትህን ሽና፣
እስከዚያ ሞተሩ ይብረድ፤
የጋለ ብረት ጠጪ ነው፣ ቀዝቃዛ ሲያገኝ ይስባል።
ከዚያ ፊቷን በሸራ ጋርደህ፣ በከባድ ማርሽ፣
ነፍሰ ጡር በቅሎ እንደሚነዳ ሰው እለፍ።
ማዶ ስትወጣ ሸራውን ግፈፍ፣ እንዳትረሳ!
ማታ ደግሞ ጭቃው ሳይደርቅ፣ ንጹህ ውሃ በጆግ፣ ቀስ ብለህ፤
ላቫጆ ቤት ወስደህ በግፊት እንዳታስመታው።»
«በቅሎ ትወልዳለች እንዴ?» አለችና
አትጠገብ ሳቀች፣ በዚያ ሁሉ ጭንቀት።

«ስንት ነው ሒሳቡ?» አለኝ እጁን ኪሱ ከትቶ።
«የሰኔው ሲቀነስ፣ ምንም የለብህም።»
አየኝ። ሽርጡን አየ። እንደገና አየኝ።
አልገባውም።
ወይ ገብቶታል።

ሲመሽ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ጉብታው ላይ ወጣሁ፣
ላስቲክ ተከናንቤ ሱሃን ተመለከትሁ።
ሁለት መብራት ወርዶ ገደሉ ሥር ጠፋ፤
ቆመ ማለት ነው፣ ብዬ ቆረጥኩ ተስፋ፣
ደግሞ ይበርድ እንደሁ ብዬ ቀጠልኩበት።
ዝናብ ነው፣ ጆሮዬ ሌላ አይሰማበት።
እስከ መቶ ቆጠርኩ፣ እስከ ሦስት መቶ፣
ቁጥሩም ጠፋብኝና ጀመርኩት ከፊቱ።

ማዶ ዳገቱ ላይ፣
መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣
ሳይርገበገቡ።